ሁለት ጨረቃና አንድ መቀነት፦ በሳይንስ የምትቆም ልብ ወለድ ፕላኔት እንዴት ትሠራለች?

መስከረም 2017 ዓ.ም. ሰፈራችን አንጋጦ ነበር። "ምድር ከመስከረም 19 ጀምሮ ሁለት ጨረቃ ይኖራታል" የሚል ወሬ በየስልኩ ተዛምቶ ልጅ አዋቂው በረንዳ ላይ ወጣ። እኔም ወጥቻለሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ጭራሽ የዱሮዋ ጨረቃም ያን ሰሞን ወሯ እያለቀ ስለነበር ማታ አልወጣችም።

ወሬው ከነጭራሹ ፈጠራ አልነበረም። 10 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከአንድ አውቶቡስ ብዙም የማይበልጥ አለት በምድር ስበት ለጊዜው ተይዞ እስከ ኅዳር 16 አብሮን ቆይቷል። ሳይንቲስቶች "2024 ፒቲ 5" ብለውታል። በዓይን አይታይም። ምድርንም አንድ ሙሉ ዙር እንኳ ሳይዞር ነው የሄደው።

አብራኝ ያንጋጠጠችው የእህቴ ልጅ ግን ነገሩን አልተወችውም። አሁን ልብ ወለድ እየጻፈች ነው። ታሪኩ የሚሆንባትን ፕላኔት አደይ ብላታለች። አደይ ሁለት ጨረቃ አላት፤ ትልቋ ፋኖስ፣ ትንሿ ኩራዝ። ዙሪያዋን ደግሞ ቀለበት ታጥቃለች። ስሙ መቀነት ነው። "ጋሼ፣ ሳይንሱን አንተ ሙላልኝ፤ የፊዚክስ መምህራችን ይሄ አይሆንም እንዳይለኝ" አለችኝ።

ማታው መብራት ጠፍቶ ነበር። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት ሲጠፋ አንድ ጥቅም አለው፤ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወንበር አውጥተን አደይን መሥራት ጀመርን። በሳይንስ የምትቆም ፕላኔት ስል አንድ ቦታ ተገኝታለች ማለቴ አይደለም። የምናውቃቸውን የተፈጥሮ ሕጎች ሳትጥስ ልትኖር ትችላለች ማለቴ ነው። ችግሩ፣ ሰማይ ላይ የሰቀልነው ጌጥ ሁሉ መሬት ላይ ሒሳብ ይጠይቃል።

ፕላኔቷ ምን ያህል ትተልቅ?

የልጅቷ የመጀመሪያ ሐሳብ "ከምድር እጥፍ ትሁን" የሚል ነበር። አንድ ፕላኔት ላይ የሚሰማን ክብደት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በወርዷና በእፍግታዋ። እፍግታ ማለት በአንድ ስፍር ውስጥ ስንት ነገር ታጭቋል የሚለው ነው። አንድ ጣሳ ጥጥና አንድ ጣሳ ጤፍ ስፍራቸው እኩል ነው፣ ክብደታቸው ግን አይገናኝም። እፍግታዋ እንደ ምድር ሆኖ ወርዷ እጥፍ በሆነ ፕላኔት ላይ ክብደት ሁሉ እጥፍ ይሆናል።

ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ፎቅ ለምንሸከም ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። እዚያ ጀሪካኑ 40 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ተሸካሚውም የገዛ ሰውነቱን እጥፍ ይዞ ነው ደረጃ የሚወጣው። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና "በቃ እንደ ምድር ትሁን" አለች።

ለእኔም ተመቸኝ። ከመሐል እስከ ገጽ 6,371 ኪሎ ሜትር፣ ቀኗ 24 ሰዓት፣ ዘንበል ማለቷ 23.4 ዲግሪ፣ ፀሐይዋና ርቀቷም እንደኛው። እንዲህ ሲሆን ሁሉንም ከምድር ቁጥር ተነስቶ ማስላት ይቻላል። የታሪኩን ከተማም ልክ እንደ አዲስ አበባ ከወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን አስቀመጥናት።

ቀለበት ከየት ይመጣል?

ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ሳተርንን በቴሌስኮፕ ሲያይ ግራና ቀኟ ሁለት አካላት የተለጠፉ መሰለው። ነገሩ ቀለበት መሆኑን በ1659 በጽሑፍ ያወጣው ክርስቲያን ሁይገንስ ነው። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ደግሞ በ1859 ቀለበቱ እንደ ሰሐን አንድ ወጥ ሊሆን እንደማይችል በሒሳብ አሳየ። አንድ ወጥ ቢሆን ይሰባበር ነበር። ስለዚህ ቀለበት ማለት እያንዳንዳቸው እንደ ትንንሽ ጨረቃ ለየብቻቸው የሚዞሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቅንጣቶች ናቸው። ከአቧራ እስከ ቤት የሚያህሉ አሉበት።

ታዲያ ለምን ተሰባስበው አንድ ጨረቃ አይሆኑም?

ሱሉልታ ላይ አትሌቶች በቡድን ሲለማመዱ ያየ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም። ሦስት ሯጮች ጎን ለጎን እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሜዳ ይዞራሉ እንበል። በሰማይ ሕግ የውስጠኛው መስመር ሯጭ ይፈጥናል፣ የውጭው ይዘገያል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ያገኘው ነው፤ ወደ መሐሉ የቀረበ ቶሎ ይዞራል፣ የራቀ ቀስ ይላል። ሦስቱም ከመሐል ርቀው ከሆነ የፍጥነት ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ እጃቸው አይላቀቅም። ወደ መሐል በተጠጉ ቁጥር ግን መጓተቱ ይብሳል። የሆነ ቦታ ላይ እጅ ይላቀቃል።

ጨረቃን የሚያያይዛት "እጅ" የራሷ ስበት ነው። ይህ እጅ የሚላቀቅበትን ርቀት ፈረንሳዊው ኤድዋር ሮሽ በ1848 አሰላው። የሮሽ ወሰን ይባላል። ምድርን ለሚያህል ፕላኔትና የእኛን ጨረቃ ለሚመስል አካል ወሰኑ ከፕላኔቷ መሐል 18,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ቅንጣት ተሰባስቦ ጨረቃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውስጥ የገባች ጨረቃ ትበተናለች፣ ፍርስራሿም ቀለበት ይሆናል።

"ሳተላይቶች ከዚያ ውስጥ አይደል እንዴ የሚዞሩት? ለምን አይበተኑም?" አለች ልጅቷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳተላይትን የሚያያይዘው ስበት ሳይሆን ብሎን ነው። ትንሽ ድንጋይም በራሱ ጥንካሬ ይያያዛል። ወሰኑ የሚሠራው በስበት ብቻ ለተሰባሰበ ትልቅ አካል ነው።

ስለዚህ መቀነትን ከአደይ መሐል ከ10,000 እስከ 16,000 ኪሎ ሜትር ባለው ቦታ ዘረጋነው። የውስጠኛው ጠርዝ ቅንጣት በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳል። የውጭው 5 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። የታሪኩ መነሻም በዚያው ተገኘ፤ አደይ ድሮ ሦስተኛ ጨረቃ ነበረቻት፣ ተጠግታ ተበተነች። ይህ ከአየር ላይ የተዘገነ አይደለም። የማርስ ጨረቃ ፎቦስ በየ100 ዓመቱ 1.8 ሜትር ያህል ወደ ማርስ እየቀረበች ነው። በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ወይ ትወድቃለች ወይ ተበትና ቀለበት ትሆናለች።

በረዶ ነው ወይስ ድንጋይ?

የሳተርን ቀለበት የሚያብረቀርቀው አብዛኛው የውሃ በረዶ ስለሆነ ነው። ሳተርን ከፀሐይ ሩቅ ናት። እኛ ባለንበት ርቀት ያለ በረዶ ግን በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ያልቃል። ሰው የሚኖርባት ሞቃት ፕላኔት ቀለበቷ ድንጋይ መሆን አለበት። ድንጋይ ደግሞ እንደ በረዶ ነጭ አይሆንም፤ ግራጫ፣ ቢበዛ ቡናማ ነው። ነጭ መቀነት አሰኝቷት የነበረችው ደራሲ እዚህ ላይ አኩርፋለች።

ከበረንዳችን ምን ይታያል?

በጣም የተዝናናሁት እዚህ ላይ ነው። መቀነት የሚታሰረው ወገብ ላይ ነው፤ የፕላኔት ቀለበትም እንዲሁ። የምትሾር ፕላኔት መሐሏ ትንሽ ይነፋል። የዚያ ቦርጭ ስበትና የቅንጣቶቹ እርስ በርስ መጋጨት ቀለበቱን ከወገቧ ትይዩ አስተኝተው ይይዙታል። ስለዚህ አዘንብሎ ወይም በዋልታ በኩል ቆሞ የሚኖር ቀለበት የሥዕል ነገር ነው።

የከተማዋ ሰው ወደ ደቡብ ዞሮ ቢያንጋጥጥ፣ መቀነት ከአናቱ 15 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይጀምርና 24 ዲግሪ ላይ ያበቃል። እጃችሁን ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት ጡጫ ወርዱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የመቀነቱ ስፋት ያንን ያህላል። ጨረቃችን ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት። ከምሥራቅ አድማስ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ ግዙፍ ቅስት ማለት ነው። የሚመስለውን ካልኳችሁ፣ ሽማግሌዎች ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት ይሉታል፤ ያንን አራት አምስት እጥፍ አወፍሩትና ቀለሙን ንጠቁት። ኮከቦች ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ቦታ ሲቀየር መልኩም ይቀየራል። በናይሮቢ ልክ፣ ወገብ አጠገብ ያለ ሰው ቀለበቱን የሚያየው እንደ ወረቀት ጠርዝ ነው፤ ከአናቱ በላይ አንድ ቀጭን መስመር። በለንደን ልክ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ደቡብ አድማስ ተጠግቶ ያየዋል፣ የውስጠኛው ጠርዝም ከአድማስ በታች ይቀርበታል። አንድ ደራሲ ገጸ ባሕርይውን በቀለበቱ መልክ ብቻ አገር ለአገር ሊያዞረው ይችላል።

ዲሽ ያሳሰበው ካለ አይጨነቅ። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ያሉት ከወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከከተማችን ሲታዩ ከቀለበቱ የላይኛው ጠርዝ አለፍ ብለው ይቆማሉ። ኳሱ አያመልጠንም።

ሌሊት ሲሆን ሌላ ነገር ይመጣል። ፕላኔቷ ራሷ ቀለበቱ ላይ ጥላ ትጥላለች። አመሻሽ ላይ ጨለማው ቁራጭ በምሥራቅ በኩል ይገባል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሐል ላይ ይደርሳል፣ ሲነጋ በምዕራብ ይወጣል። ግዙፍ የሰዓት ቆጣሪ በሉት። እዚያ አገር ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ ስልክ አያስፈልገውም።

አንድ የሚያናድድ ነገር ግን አለ። እኛ ከወገቡ በስተሰሜን ስለሆንን የምናየው የቀለበቱን ሰሜናዊ ገጽ ነው። ያ ገጽ ፀሐይ የሚመታው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ማለትም ቀለበቱ በደንብ በሚደምቅበት ጊዜ ግማሹን ክረምት ይሸፍነዋል። ደመና በሌለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የምናየው ከጀርባው በሾለከ ብርሃን የደበዘዘውን ነው። ሰርግ መደገስ ያለበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ ባሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሠሩ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ደማቅ ጎረቤት አይመኙም።

ጥላው ገበሬውን ምን ያደርገዋል?

ቀለበት ያላቸውን ፕላኔቶች የሚስሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትሄድ የቀለበቱ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ለከተማችን ሳሰላው የእኩለ ቀን ፀሐይ ቀለበቱ ጀርባ የምትገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመስከረም 28 እስከ ጥቅምት 23 ገደማ አንዴ፣ የካቲትን በሙሉ ማለት ይቻላል ሌላ ጊዜ። በነዚህ ሰሞናት መሐል ጠዋትና ወደ ማታ ፀሐይ ከቀለበቱ ጠርዝ ሾልካ ትታያለች። የቀኑ ወፍራም ክፍል ግን በጥላ ያልፋል።

ጥቅምት ላይ ጤፍ ምን ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ዝናቡ ቆሞ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ዘለላው መድረቅ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ልክ ያኔ ሰማይ መጋረጃ ይጥላል። ብርዱም አለ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው እዚያ ሁለት አጥንት ሳይሆን አይቀርም። የየካቲቱ ጥላ ግን በበጋው ሐሩር መሐል ስለሚመጣ የሚጠላው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጨለማው ምን ያህል ይከብዳል? ይህ በደራሲው እጅ ነው። የሳተርን ቀለበቶች ራሳቸው ይለያያሉ። ቢ የሚባለው ጋቢ ነው፣ አብዛኛውን ብርሃን ይጋርዳል። ሲ የሚባለው ነጠላ ነው፣ አብዛኛውን ያሳልፋል። ልጅቷ መሐሉን ቡሉኮ፣ ጠርዙን ነጠላ አደረገችው። ስለዚህ ጥላው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ይከብዳል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ገበሬዎቿ ለጥላው ስም አወጡለት፣ ቶሎ የሚደርስ ዘርም ይመርጡ ጀመር።

ቀለበቱ ዘላለም ይኖራል?

አይኖርም። ቅንጣቶች ይጋጫሉ፣ ይደቅቃሉ፣ ቀስ በቀስ ወደ ፕላኔቷ ይወርዳሉ። የሳተርን ቀለበት ዕድሜ ራሱ ገና ያከራክራል፤ ከፕላኔቷ ጋር እኩል ነው የሚሉ አሉ፣ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው የሚሉም አሉ። መጋቢት 2017 ላይ "የሳተርን ቀለበት ጠፋ" ተብሎ የተወራው ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ቀለበቱ ጠርዙን ወደ ምድር አዙሮ ነበር። ውፍረቱ በአብዛኛው 10 ሜትር ያህል ስለሆነ በጎን ሲታይ አይታይም። በየ15 ዓመቱ ገደማ የሚደጋገም ነገር ነው።

ምድርም አንድ ጊዜ ቀለበት ሳይኖራት አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ከ466 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የወደቁ የ21 አለቶችን ጉድጓዶች ቆጠሩ። አህጉራት ያኔ የነበሩበትን ቦታ መልሰው ሲያሰሉ፣ ሁሉም ወገብ አካባቢ የወደቁ ሆነው ተገኙ። አንድ አካል የሮሽ ወሰን ውስጥ ገብቶ ተበትኖ፣ ቀለበት ሆኖ፣ ከዚያ ሲረግፍ ኖሮ ይሆናል ነው ሐሳባቸው። ገና መላ ምት ነው። ለደራሲ ግን ከበቂ በላይ ነው፤ አደይ ላይ ድንጋይ የሚረግፈው ወገብ ላይ ነው፣ እዚያ መኖር የሚደፍርም ጥቂት ነው።

ሁለት ጨረቃስ አብረው ይኖራሉ?

ይኖራሉ፤ ግን ቦታ ቦታቸውን ይዘው። በጣም የቀረበች ትበተናለች። በጣም የራቀችን ደግሞ ፀሐይ ትነጥቃለች። ለምድር የዚህ ወሰን 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከግማሹ ባሻገር ያለች ጨረቃ ብዙ አትቆይም። ፋኖስን ልክ እንደ ጨረቃችን 384,400 ኪሎ ሜትር ላይ አስቀመጥናት። እሷን የምታህል ጨረቃ በስበቷ ዙሪያዋን እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ትቆጣጠራለች። ኩራዝ ከዚያ በብዙ መራቅ አለባት፣ አለዚያ ትወረወራለች።

ልጅቷ ፋኖስን "በሰማይ ላይ ሦስት እጥፍ ሰፍታ ትታይ" ብላ ነበር። እንዲህ ያለ ጨረቃ ሥዕል ላይ ያምራል። ሒሳቡን ግን ባሕሩ ይከፍላል። ጨረቃ የባሕርን ውሃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ታደርጋለች። እፍግታቸው እኩል የሆነ ጨረቃዎች ውሃውን የሚስቡት ለዓይን በሚታየው ወርዳቸው ልክ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ሦስት እጥፍ ሰፍታ የምትታይ ጨረቃ 3 በ3 በ3፣ 27 እጥፍ ትስባለች። 1 ሜትር ከፍ ይል የነበረ ውሃ 27 ሜትር ይሆናል፤ የወደብ ከተማ የሚባል ነገር አይኖርም። ፋኖስ ባለችበት ቀረች።

ኩራዝ ወርዷ 500 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ መጠን ያለ አለት በደንብ ድቡልቡል ላይሆን ይችላል። ድንች ድንች ብትል አይደንቅም። ርቀቷን በስልኬ ካልኩሌተር ስፈትሽ ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። 153,000 ኪሎ ሜትር ላይ ስትሆን ከሙሉ እስከ ሙሉ የሚፈጅባት 7 ቀን ነው። አንድ ሳምንት! በየቀኑ 4 ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣለች፤ የእኛዋ የምትዘገየው 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ለዓይን የጨረቃችንን ሲሶ ያህል ትሰፋለች፣ ባሕሩን የምትስበውም ጨረቃችን ከምትስበው ከሃያ አንድ እጅ አንዱን ገደማ ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ልትሸፍን ትንሽ ጎድሏት የእሳት ቀለበት ስትሠራ ያየን፣ ኩራዝ ፀሐይ ፊት ስታልፍ የምትመስለውን መገመት እንችላለን፤ ምጣድ ላይ እንደተጣለ ባቄላ።

አደይ ላይ እንግዲህ ሌሊቱን መቀነት፣ ሳምንቱን ኩራዝ፣ ወሩን ፋኖስ ይቆጥራሉ። እህቴ ከውስጥ ሻማ ይዛ ስትወጣ ይህንኑ ነገርኳት። "ታዲያ ጾሙ በየትኛዋ ነው የሚገባው?" አለች።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ዑደት በ19 ዓመት አዙሮ፣ በአበቅቴ አስልቶ ነው በዓል የሚያወጣው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዒድን የሚያውሉት ጨረቃን ተከትለው ነው። "ለሁለት ጨረቃ ሁለት አበቅቴ ያስፈልጋል" አልኳት።

ልጅቷ ግን ቀድማኝ ወስናለች። አደይ ላይ ደጋው በፋኖስ፣ ቆላው በኩራዝ ይጾማል። የታሪኩ ጠብ የሚነሳውም ቆላው ለሠርግ ደጋ የወጣ ዕለት ነው።